ጠብታ ወይስ ፊደል

ወልቂጤ፣ አንድ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ተራዬን ስጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ ስልኩን አቀበለኝ። በቴሌግራም የሚዞር እንቆቅልሽ ነው፤ ከ፣ ከ፣ ከ እየተባለ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ መሃል አንዲት ኸ ተደብቃለች። የሰው ጽሑፍ በማረም እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝና በኩራት ተቀበልኩ። አጣኋት። ልጁ «ጋሼ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ናት እኮ!» ብሎ ሳቀ። ሰበብ አላጣሁም፦ እሱ ጉራጊኛ ተናጋሪ ነው፤ ኸ በየቀኑ ከአፉ ትወጣለች። እኔ የማገኛት «ኾነ» ብለው የሚጽፉ አዛውንት ዘንድ ብቻ ነው።

በዚህ ብቻ ቢያልፍልኝ ደግ ነበር። ጸሐፊዋ በቸሃ ጉራጊኛ በእጅ የተጻፈ የሙት ዓመት በራሪ ወረቀት እየተየበች ኖሮ፣ «ይቺ ኽ አናቷ ላይ ያለችው ነገር ምንድን ናት?» ብላ ጠየቀችኝ። አየሁት። «የቀለም ጠብታ ነው፤ ተዪው» አልኳት።

ጠብታ አልነበረም። ቃሉ «ፍረኽ» ነው፤ ለወንድ ሲሆን «ታገሥ» ማለት ነው። ለሴት ሲሆን የመጨረሻዋ ድምፅ ትለሰልሳለች፤ ያቺን ልስላሴ በጽሑፍ የምትይዘው ምልክቷ ናት። ባሏ ለሞተባት ሴት የተጻፈው «ታገሺ» በእኔ ፍርድ «ታገሥ» ሆነ። ምልክት ያላቸው እነዚህ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል፤ በ2021 ሌሎች የጉራጊኛ ፊደላት ተጨምረዋል። ስለዚህ በፊደል ማጣት ማመካኘት አልችልም።

እንቆቅልሹ የሚያስፈልገው ልዩውን ማየት ነው፤ እርማት ግን ስህተቱን ማየት ነው። ሁለቱ አንድ ይመስሉኝ ነበር። ኮምፒዩተር ልዩነትን በማግኘት የሚስተካከለው የለም፤ መታወቂያው ላይ ኃይሉ፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ ሀይሉ የተባለን ሰው ሁለት ሰው ያደርገዋል። የትኛው ትክክል እንደሆነ ግን አያውቅም። ለዚያ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ ማወቅ ያሻል፤ እኔ ደግሞ ሳላውቅ ፈረድኩ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር፤ ግን የራሴ የቆየ ክርክር መንገድ ዘጋብኝ። በሞክሼ ፊደላት ሙግት ሁሌም ከለዘብተኞቹ ጋር ነኝ። ቡታጅራ ውስጥ አንዱ ታፔላ «ግሮሰሪ»፣ ጎረቤቱ «ግሮሠሪ» ቢል በዚህ ምክንያት ቢራ ያጣ ሰው አላየሁም። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህም አጥባቂዎቹ ሰአለ «ለመነ» ነው፣ ሠዐለ «ሥዕል ሳለ» ነው እያሉ ይቆጡናል። በግእዝ እውነታቸውን ነው፤ «ለምኝልን» የሚለው ጸሎት በፊደል ግድፈት «ሳዪልን» ይሆናል። የእኔ መልስ ግን «ከዐውዱ ይታወቃል» የሚል ነበር። እመቤታችንን ሥዕል ሳዪልን ብሎ የሚጸልይ ማን አለ?

እንግዲህ ይኸው መልስ ለእኔም ጥፋት ይሠራል። በራሪው የተጻፈው ለባልቴት መሆኑን የማያውቅ ሐዘንተኛ የለም፤ ከዐውዱ ይታወቃል። ታዲያ ለምን አፈርኩ?

መጀመሪያ የመጣልኝ ማምለጫ ድምፅ ነበር። የሐ እና የኀ ልዩነት ከአማርኛ አፍ ጠፍቷል፤ የቸሃዋ ልስላሴ ግን ሕያው ናት፤ ጮክ ብሎ የሚያነብ ሁሉ ይሰማታል። ስለዚህ ስህተት የሚባለው ጆሮ የሚሰማው ነው አልኩ። ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን አልቆየም። የትግርኛ ተናጋሪ ሐን እስከ ዛሬ ከጉሮሮው ያወጣታል። ቅኔ የተማረው የኔታም ቢሆን ሠን ከሰ ለይቶ ባይጠራም «ሠረቀ» ሲያይ ፀሐይ ትወጣለታለች፣ «ሰረቀ» ሲያይ ሌባ ይታየዋል። እሱ በዓይኑ ነው የሚሰማው። የእሱን ዓይን ንቄ የጉራጊኛ ተናጋሪውን ጎረምሳ ጆሮ የማከብረው በምን ሚዛን ነው? የሴትዮዋ ሐዘን ስለከበደኝ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ርኅራኄ ነው እንጂ የሰዋስው ሕግ አይደለም። ለታፔላው አሁንም ግድ የለኝም። «ከዐውዱ ይታወቃል» ማለት ግን ከእንግዲህ እንደ ድሮው ከአፌ አይወጣልኝም።

ግድፈቱን ያገኘው ያው ጎረምሳ ነው። ከታተመው አንዱን አንሥቶ አነበበና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለወንድ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ሁለት መቶው ቅጂ አልቋል። እስክሪብቶ ተበድረን ምልክቷን በእጅ መጨመር ጀመርን፤ ሠላሳ ያህል እንዳደረስን ባለጉዳዩ መጥቶ ሁሉንም ይዞ ሄደ።