ዕለትና ቂም

በቋንቋችን ቀን እንደ ሰው ይከሰሳል፤ እንደ ሰውም ይመሰገናል። የተቸገረ «ቀን ጣለኝ» ይላል፤ የተሳካለትንም «ቀን ወጣለት» ይሉታል። ሁለት ታላላቅ ነገሮች በአንድ ዕለት ሲገጥሙማ ዕለቲቱ ራሷ አንዳች ኃይል ያላት ይመስለናል። ለመሆኑ ቀን በራሱ ክፉ ወይም ደግ ነውን?

ጀርመኖች ፓሪስን ከበው ሳሉ የንጉሠ ነገሥት መንግሥታቸውን በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ያወጁት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 18 ቀን 1871 ነበር። ከ48 ዓመት በኋላ ጀርመን በተራዋ ስትሸነፍ የፓሪስ የሰላም ጉባኤ የተከፈተው በዚያው በጃንዋሪ 18 ነው፤ ፕሬዚዳንት ፖዋንካሬም በመክፈቻው ንግግራቸው የዕለቱን መግጠም ለጉባኤው አሳሰቡ።

ነገር ግን እነዚህን ዕለታት በእኛ አቆጣጠር ብንመለከት የመጀመሪያው ጥር 11 ቀን 1863፣ ሁለተኛው ጥር 10 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው፤ አንዱ ጥምቀት፣ አንዱ ከተራ። ይህም የሆነው አውሮፓውያን በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ቀን ሳያደርጉ ስላለፉ ነው። በፓሪስ አንድ የነበረው ዕለት በኢትዮጵያ ሁለት ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ዕለትን ከዕለት የሚያገናኘው የሰው ቁጥር፣ ትርጉም የሚሰጠውም የሰው ልብ ነው። በፓሪስ ያ ልብ ቂም ነበረበት። ውሉ በዚያው በቬርሳይ አዳራሽ ተፈረመ፤ የተዋረደውም ወገን ሌላ ቂም ቋጠረ፤ ሂትለርም ቆይቶ ያን ቂም መሣሪያው አደረገው።

የእኛን ሚያዝያ 27 ደግሞ እንመልከት። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት ነው። በየካቲት 1929 የከተማይቱ ሕዝብ በግፍ ተጨፈጨፈ። በአምስተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ መናገሻቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ ብዙ ሺህ ኢጣሊያውያን በከተማይቱ ነበሩና ደም ለመመለስ ከዚያ የተመቸ ዕለት አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ።

«ታዲያ የሞቱት ሰዎች ደም በከንቱ ይቅርን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ፍርድና በቀል አንድ አይደሉም። ፍርድ ጥፋተኛውን ለይቶ ይጠይቃል፤ በቀል ግን የጥፋተኛውን ወገን ሁሉ ሳይለይ ይመታል። ይቅርታም የግፉን ታሪክ አይፍቀውም፤ የሞቱትን ማሰብ፣ ግፈኛውንም በሕግ መጠየቅ የሕያዋን ዕዳ ነው።

ስለዚህ ታላላቅ ዕለታትን ለልጆቻችን ስናስተምር ቀኑንና ዓመቱን ብቻ አናስጠናቸው። በዚያ ዕለት የሰው ልጅ ምን ለማድረግ ይችል እንደ ነበረና ምን እንደ መረጠ አብረን እንንገራቸው።