ሁለተኛውን ናዳ ፍራ

የእህቴ ልጅ፣ መልእክትህ ደርሶኛል። «ጋሼ፣ ናዳ ለደረሰባቸው የጎፋ ወገኖቻችን መዋጮ እናሰባስብ» ማለትህ ልቤን አርሶታል፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን በእኔና በአንተ መካከል የተጋደመች አንዲት ጉዳይ አለችና እሷን እናንሳት። በዚያ የዝናብ ቀን ወደ ምድር ቤቱ በሚወርደው ደረጃ ላይ ክንድህን ጨብጬ አላሳልፍም ስልህ፣ አንቱታህን እንኳ ሳትለቅ «እርስዎ ፈሪ ነዎት» ብለኸኝ ሄድክ። ከዚያ ወዲህ እዚህ አቡ ዳቢ ኮርኒሽ ላይ ስንገናኝ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ ሰላም ትለኛለህ፤ ቤቴን ግን አልረገጥህም። ይሁን፣ ፈሪ ነኝ። ፍርሃቴን ከየት እንዳመጣሁት ሳትሰማ ግን አትፍረድ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል የአገራችን ሰው። እኔ አንተን ለመከራ አሳልፌ አልሰጥም፤ እናትህ አደራ ብላኛለች።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ነበር። ኢድ ካለፈ ገና ሳምንቱ። የከባዱ ዝናብ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ተማሪ በርቀት ይማር፣ የመንግሥት ሠራተኛም ከቤቱ ይሥራ ተብሏል። እኔና አንተ ግን የቤት ሾፌሮች ነን፤ የእኛ ሥራ በርቀት አይሠራም።

የምንሠራበት ኻሊዲያ እንደ ደሴ አይደለም። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ አቡ ዳቢ ራሷ እንደ ምጣድ የተዘረጋች ደሴት ናት። ውሃ ከወደቀ መሄጃ ስለሌለው ባለበት ይተኛል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ሲፈልግ የሚያገኘው ደግሞ የፎቆቹን ምድር ቤት ነው። አንተ መኪናውን ከምድር ቤቱ ልታወጣ ስትደርስ ውሃው የመጨረሻዎቹን ሦስት ደረጃዎች ውጧል። ቀለሙ ሻይ ይመስላል። አንድ የፕላስቲክ ሸበጥ መሐሉ ላይ እየዞረ ይንሳፈፋል። ጣሪያው ላይ ያለችው መብራት እንደበራች ናት። ጫማህን አውልቀህ፣ ካልሲህን ውስጡ ከትተህ፣ ደረጃው ላይ ደርድረህ፣ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ «አሠሪዬ መኪናው የት ሄደ ቢለኝ ምን እላለሁ?» አልከኝ።

ያቺን መብራት አንተ «ጎሽ፣ ብርሃን አለ» ብለህ አየሃት። እኔ እባብ ነው ያየሁት። መብራቱ ካለ ኤሌክትሪኩ አለ፤ በዚያ ሻይ በመሰለ ውሃ ውስጥ የትኛው ገመድ፣ የትኛው ማከፋፈያ እንደተነከረ ማን ያውቃል? ውሃ ሰውን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። «እስከ ጉልበት ነው» ያሰኝሃል።

በዚያው ቀን አል ዓይን በኩል፣ ኸትም አል ሸክላ በሚባለው ቦታ፣ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ 254 ሚሊ ሜትር ዝናብ ተለካ። የአገሩ የሚቲዎሮሎጂ ማዕከል መዝገብ መያዝ ከተጀመረበት ከ1949 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከባዱ ዝናብ ብሎ ጠራው። ቁጥሩ ካልገባህ እንዲህ አስበው፦ አዲስ አበባ ሐምሌን ሙሉ የሚዘንብላት ውሃ፣ ዓመቱን ሙሉ 100 ሚሊ ሜትር ለማግኘት በሚቸገር በረሃ ላይ በአንድ ቀን ፈሰሰ። ቱቦ የሌለው መንገድ ምን ያድርግ? በራስ አል ኸይማ አንድ አዛውንት መኪናቸው በዋዲ፣ በደረቅ ወንዝ፣ ጎርፍ ተወስዶ ሞቱ። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ አሸዋውንም ደረቁን ወንዝም ከእኔና ከአንተ ይበልጥ ያውቁታል።

አሁን ወደ ፍርሃቴ ምንጭ ልውሰድህ። እኔ ከጦሳ ተራራ ሥር ያደግሁ የደሴ ልጅ ነኝ። ደሴ ክረምት ሲገባ ሰው ወደ ሰማይ ብቻ አያይም፤ ግድግዳውንም ያያል። አያትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሐምሌ የጓዳው ግድግዳ በተሰነጠቀ ቁጥር አትጮህም ነበር። ጭቃ ለውሳ ስንጥቁ ላይ በአውራ ጣቷ ትለጥፍና ትተኛለች። ጠዋት ኩራዟን ይዛ ትሄዳለች። ጭቃው ደኅና ከሆነ ቡና ታፈላለች። ጭቃው ራሱ ከመሐል ከተሰነጠቀ ግን አንድ ቃል ሳትናገር መጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ እህሉን ወደ ጎረቤት ታወጣለች። «በሩ አልዘጋ ካለ፣ ምንጩ ከደፈረሰ፣ ዛፉ ካዘነበለ፣ መሬቱ መሄድ ጀምሯል» ትል ነበር። ማንም ኢንጂነር አላስተማራትም። ዛሬ በየአገሩ የተማሩ ሰዎች ስንጥቅ ላይ መለኪያ ሲለጥፉ ሳይ፣ ወላሂ፣ የእናቴ አውራ ጣት ነው የሚታየኝ።

አንድ ጊዜ ታዲያ ከእኛ በላይ ያለ ጎረቤት ማድቤቱ ተናደበት። ሰው ሳይጎዳ ቀረ፣ አልሐምዱሊላህ። እኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ አካፋ ይዤ ስሮጥ እናቴ ነጠላዋን አንገቴ ላይ ጠምጥማ ጎትታ አስቀረችኝ። «የተናደ ይደግማል፤ ቆይ» አለች። ሌሊቱን ቀሪው ግድግዳ ወረደ። እኔ ያን ቀን «ፈሪ ናት» ብያታለሁ፤ በሆዴ። አንተ በአፍህ ተናገርከው እንጂ ከእኔ አትብስም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 15 ቀን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነውን አንተም አይተኸዋል። ዝናብ የጠገበ ተራራ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሰማ፤ ዶማ ያለው በዶማ፣ የሌለው በእጁ መቆፈር ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው ናዳ የመጣው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ ሊያድኑ የመጡ ናቸው። አገሩ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ።

እኔ ያንን ሕዝብ አልወቅስም። ወገንህ ከአፈር ሥር ሆኖ እጅህን አጣጥፈህ ቁም ማለት የሚቻለው ሩቅ ለተቀመጠ ሰው ነው። እኔም በቦታው ብሆን የምሮጥ ይመስለኛል። ግን የአያትህ ቃል እዚያ ላይ ነው የሚገባህ፦ የታችኛው አፈር ሲሄድ የላይኛው ድጋፉን አጥቶ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እዚያ የጎደለው ርኅራኄ አልነበረም፤ ርኅራኄውስ ተርፎ ነበር። የጎደለው ቁፋሮው ሲጀመር ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው የሚያይ አንድ ሰው ነበር። ከዚያም በፊት ደግሞ ስንጥቁን አይቶ «ዛሬ ማታ እዚህ አትደሩ» የሚል፣ ለሚወጣው ሰውም ማደሪያ ያዘጋጀ መንግሥት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንላለን፤ የፈሰሰው ሰው ሲሆን ግን አይለቀምም።

ከተማም እንደ ሰው ነው፤ የሚመዘነው በሁለተኛው አደጋ ነው። አብዛኛው ከተማ ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ነው። ድሬዳዋን ውሰድ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። በ1998 ክረምት ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። የጎርፍ መከላከያ ግንቡ የቆመው ከዚያ በኋላ ነው። የቆሼን የቆሻሻ ናዳም፣ የመጋቢት 2009ኙን፣ ታውቀዋለህ፤ ቆሻሻው ተራራ መሆኑን ያላየ አዲስ አበቤ አልነበረም።

እዚህ አገር ያየሁትን ግን ልመስክር፤ የሰው እንጀራ ስለምበላ ማሞገሴ አይደለም። ሚያዝያ 8 ቀን እነዚህም ተደናግጠዋል። ውሃ የሚመጥጡት ቦቴዎች ቀን ከሌሊት ሲመላለሱ ሰነበቱ፤ በአል ዓይን በኩል አስፋልት ተንዶ ነበር፤ የዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ባሕር ሆነ። መንግሥት የዜጎቹን ቤት ለመጠገን 2 ቢሊዮን ድርሃም መደበ። (ለዜጎቹ ነው፤ አንተ ተከራይ ነህና ቅር አይበልህ፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ማወቅም ዕውቀት ነው።) ከዚያ በ16ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 24፣ ሁለተኛው ዝናብ መጣ። በእርግጥ እንደ መጀመሪያው አልከበደም። ግን ልብ ብለህ እንደሆነ፣ ትምህርት ቤቱ ቀድሞ ወደ ርቀት ዞሯል፣ መናፈሻውና የባሕር ዳርቻው ተዘግቷል፣ ጉዳቱም ቀላል ሆነ። ዱባይ ደግሞ በሰኔ «ተስሪፍ» ለተባለ የዝናብ ውሃ ማስወገጃ 30 ቢሊዮን ድርሃም መደበች። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ከማለት፣ አንዱ ሰርግ ቢያልፍም ለሚቀጥለው መቀንጠስ ይሻላል። እኛ ያ ሁሉ ድርሃም የለንም። ግን ጭቃ በአውራ ጣት ለመለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?

ለአንተ ለሾፌሩ ደግሞ ሦስት አራት ነገር። ሰማይ ሲጠቁር ጓደኞችህ ዋዲ ውሃ ሲወርድ እንይ ብለው ወደ ተራራ ይነዳሉ፤ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት እነሱ ናቸው። በ2016 ደንብ ጎርፍ ወዳለበት ዋዲ የገባ 2,000 ድርሃም ይከፍል፣ መኪናው 60 ቀን ይያዝ፣ 23 ጥቁር ነጥብም ይጻፍበት ነበር። ሃያ አራት ሲሞላ መንጃ ፈቃድ ይነጠቃል፤ አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር የምትቀረው ማለት ነው። የአንተ መንጃ ፈቃድ ደግሞ የእናትህ የቤት ኪራይ ነው። ውሃ ገብቶበት የቆመ መኪና ውሃው ሲደርቅ «እስቲ ልሞክረው» ብለህ አታስነሳ፤ ሞተሩ ውሃ ከሳበ ያኔ ነው የሚሞተው፤ እሱም ሁለተኛው ናዳ ነው። በጭነት መኪና አስጭነህ ጋራዥ ውሰደው። ኢንሹራንሱ ሙሉ ይሁን የሦስተኛ ወገን ብቻ አሠሪህን ዛሬ ጠይቅ፤ ዝናብ እየዘነበ አይጠየቅም። ሰው ከተጎዳ አምቡላንስ 998፣ ሲቪል መከላከያ 997፣ ፖሊስ 999 ነው። ስልክህ ላይ መዝግበው፤ እኔ በትልቁ ጽፌ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ዓይኔም ደክሟል።

የመዋጮው ነገር። አብሽር፣ ሐሳብህ ቅዱስ ነው፤ መንገዱ ነው የሚያስፈራኝ። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ መዋጮ መጥራት በሕግ ያስቀጣል። አገር ቤት እድርተኛ ጥሩንባ ነፍቶ በአንድ ከሰዓት ድንኳን ተክሎ ብር ይሰበስባል፤ እዚህ ያው ሥራ በዋትስአፕ ሲሆን ወንጀል ይሆናል፤ አላወቅሁም ማለትም አያድንህም። ኤምባሲያችንን ሄደህ ጠይቅ፤ የተፈቀደ መንገድ ካለ በእሱ እንስጥ፤ እኔም የድርሻዬን ይዣለሁ። ከሌለ ለእናትህ ከምትልከው ላይ ጨምር፤ እሷ በእድሯ በኩል ታደርሳለች። ያን የጎፋ ናዳ ነው ብለህ ከቴሌግራም ያመጣኸውን ቪዲዮ ደግሞ አጥፋው። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት። ቪዲዮው ላይ ያለው ተራራ ጎፋ አይደለም፤ ሰዎቹ ሲጮኹ ቋንቋቸውን አዳምጥ። ሐሰት ማሰራጨት እዚህ የሚያስከትለው ቅጣት ቀላል አይደለም፤ እውነተኛውን ሐዘንም ያረክሳል።

በል እንግዲህ። የዚያን ቀን ጫማህን ደረጃው ላይ ትተኸው ነው በባዶ እግርህ በቁጣ የሄድከው። ውሃው ማታ አንድ ደረጃ ጨምሮ ነበር፤ ከመድረሱ በፊት አነሳሁት። ሰገነት ላይ አድርቄ፣ ካልሲውንም አጥቤ፣ በፌስታል ጠቅልዬ በሩ ኋላ ሰቅየዋለሁ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቡና አለ፤ መጥተህ ውሰድ።