«እርስዎ ካሉ ይሁን»፦ ስለ ምክርና ስለ አደራ



ሰው በማያውቀው ጉዳይ ምክር ሲጠይቅ ከገንዘቡ አስቀድሞ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ይኸውም አመኔታው ነው። ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል፤ አመኔታውን ግን ሳይቆጥር ይሰጣል። ብዙ ጊዜም ያን አመኔታ ያተረፍነው አሁን በተጠየቅንበት ጉዳይ ሳይሆን ከዚያ በፊት በሠራነው ሌላ ሥራ ነው። እንግዲህ ስለ አንድ ነገር የተሰጠንን አመኔታ በሌላ ነገር ልንገለገልበት ይገባናልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኛም እስከ ዓምና ድረስ ቀላል ይመስለን ነበር።

ከአንድ ዓመት ወዲህ የሀገረ ስብከታችን ጽሕፈት ቤት ከቁምስና አገልግሎታችን ጋር ደርበን ለቁምስናዎች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለክሊኒኮች በኮምፒዩተር ጉዳይ ምክር እንድንሰጥ አዞናል። በዘርዐ ክህነት የተማርነው ፍልስፍናና ነገረ መለኮት ነው፤ የኮምፒዩተሩን ዕውቀት ያገኘነው ኋላ፣ በማታ ትምህርትና በብዙ መነካካት ነው። ይህን ሥራ በከተማ ቢሮ ከፍቶ የሚሠራ ሰው «የአይቲ አማካሪ» ይባላል። እኛን ግን የጠራን ሁሉ «አባ» ብሎ ጠራን፤ የነገሩም ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ ስለ ዕቃ ነው። የትኛው ኮምፒዩተር ይገዛ? የሒሳብ መዝገቡ በምን ይያዝ? መብራት ሲጠፋ ምን ይደረግ? ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ስለ ሰው ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ ከጠየቁን ብዙዎቹ፣ ማብራሪያውን ገና ስንጀምር «አባ፣ እኛ ምን እናውቃለን፤ እርስዎ ካሉ ይሁን» አሉን። ይህ አነጋገር በአገራችን የጨዋነት ምልክት ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም። ነገር ግን ያ ሰው እሺ ያለው ማንን ነው? ኑዛዜውን የሰማውን፣ ልጁን ያጠመቀውን፣ እናቱን የቀበረውን ካህን ነው። የኮምፒዩተር ዕውቀታችንን መዝኖ እሺ አላለም፤ ሊመዝንም አይችልም። ሕፃን ያጠመቀ እጅ በዚያ ምክንያት ስለ ሶፍትዌር ከሌላው አብልጦ እንደማያውቅ ማን ይንገረው? ቀሚሳችንን ትተን በሸሚዝ ብንሄድ ይሻል ይሆናል ብለን አንድ ጊዜ ሞክረን ነበር። የቁምስናው ሰዎች መስቀል ለመሳለም እንደ ወትሮው ተሰለፉ።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው መቶ ዓመት ስለ መሸጥና መግዛት ሲጽፍ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅም ልዩነት አስቀምጧል። የዕቃው ጉድለት ስውር ከሆነና ገዢውን ለጉዳት ወይም ለአደጋ የሚዳርግ ከሆነ ሻጩ የመግለጥ ግዴታ አለበት። ጉድለቱ ግልጽ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይና ከሆነ፣ ዋጋውን እንደሚገባው እስከ ቀነሰ ድረስ ሻጩ ዝም ቢል አይፈረድበትም፤ ገዢው ራሱ ያየዋልና። በዚህ ዓመት እንደ ተረዳነው ከሆነ በኮምፒዩተር ገበያ አንድ ዓይና ፈረስ የለም። ለገጠር ቁምስና ጸሓፊ ጉድለቱ ሁሉ ስውር ነው። ፊደላችንን ለአብነት እንውሰድ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ከመግባቱ በፊት፣ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በዚያ ዘመን የተተየበ ቃለ ጉባኤ ዛሬ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ሶፍትዌሩን በቅን ልብ የገዛው ሰው ይህን አስቀድሞ በምን ያውቅ ነበር?

አንድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ያሳየን ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ አሳስቦናል። የቁምስናውን መዝገበ ጥምቀት ወደ ኮምፒዩተር እንዲያስገባ ታዞ ለወራት ደክሟል። ፕሮግራሙ ውጭ አገር የተሠራ በመሆኑ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። በመሆኑም መምህሩ በጳጉሜን የተወለደ ሕፃን ባጋጠመው ቁጥር ኮምፒዩተሩ አልቀበል ሲለው፣ ልደቱን ነሐሴ 30 እያደረገ አስገባ። ጥቅምት 30 የተወለደውንም እንዲሁ አልቀበል ይለዋል፤ ለፕሮግራሙ ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪም 30 ቀን የለውምና። እርሱንም ጥቅምት 28 አደረገው። ለምን ለማንም እንዳልተናገረ ስንጠይቀው፣ «አባ፣ ማሽኑ አይሳሳትም ብዬ ነው፤ እኔ ያላወቅሁት ነገር አለ ብዬ አፈርሁ» አለን። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ ከመዝገቡ አንዲት መስመር እንኳ ያላለፈ ትጉህ ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል፤ በዚያ ቁምስና ግን የሕፃናት ልደት ሊቀር ነበር። የወረቀቱ መዝገብ ባይኖር ኖሮ እውነተኛውን ቀን የሚያውቁት ወላጆች ብቻ በሆኑ ነበር።

እንዲህ ያለው እፍረት የገጠር ሰው ብቻ እንዳይመስለን፣ በብሪታንያ የሆነውን እናስታውስ። የአገሪቱ የፖስታ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ «ሆራይዘን» የተባለ የኮምፒዩተር ሒሳብ ሥርዓት በየቅርንጫፉ ዘረጋ። ብዙም ሳይቆይ በየመንደሩ ፖስታ ቤት የሚያስተዳድሩ ወኪሎች ሒሳባቸው ጎድሎ ይታያቸው ጀመር። ጉድለቱን እንዲተኩ ይጠየቁ ስለ ነበር ብዙዎች ከኪሳቸው ከፈሉ። ለእርዳታ ሲደውሉም ችግሩ የደረሰው በእነርሱ ላይ ብቻ እንደ ሆነ እንደ ተነገራቸው ብዙዎች መስክረዋል። ሕጉም አልረዳቸውም፤ በዚያው በ1999 በወጣ ሕግ፣ የኮምፒዩተር ማስረጃ የሚያቀርብ ወገን ኮምፒዩተሩ በትክክል መሥራቱን አስቀድሞ የማረጋገጥ ግዴታው ቀርቶ ነበርና። እስከ 2015 ድረስ ከ900 የሚበልጡ ሰዎች በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሒሳብ በማዛባት ተፈረደባቸው፤ የታሰሩ፣ የከሰሩ፣ ሕይወታቸውን ያጠፉም አሉ። በ2009 አለን ቤትስ የተባሉ የቀድሞ ወኪል ሌሎችን አሰባስበው ፌኒ ኮምፕተን በምትባል መንደር አዳራሽ ሲገናኙ፣ እያንዳንዱ እንደ እርሱ የተጎዳ ሌላ ሰው በዐይኑ አየ። የ555 ከሳሾችን ጉዳይ የመረመረው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2019 ሥርዓቱ ጉድለቶች እንደ ነበሩበት በየነ። በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የ39 ሰዎችን ፍርድ በአንድ ቀን ሻረ፤ በ2024 ደግሞ ፓርላማው የብዙዎቹን በሕግ ሰረዘ።

ማሽን መሳሳቱ አይደንቅም፤ ሰው የሠራው ነው። የሚያስፈራው የሰዎቹ ዝምታና እፍረት እንደ ጥፋት መቆጠሩ ነው። የእኛ አነስተኛ ሥራ ከዚያ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን «ማሽኑ ትክክል ነው» የሚለው ቃል ከካህን አፍ ሲወጣ ከችሎት ከወጣው ባላነሰ ሰውን ዝም ያሰኛል።

በዓመቱ መካከል አንድ ዕቃ አቅራቢ ለምንልክለት ገዢ ሁሉ በመቶኛ እንደሚያስብልን ነገረን፤ «ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ይሁን» ብሎም አሳመረው። አልተቀበልንም፤ ይህ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ከባዱ ሌላው ክፍያ ነው። ያለ ገንዘብ የሚመክር ሰው እጄ ንጹሕ ነው ይላል፤ ክብርም ክፍያ መሆኑን ግን ይዘነጋል። አዳራሽ ሙሉ ሰው በጸጥታ ሲያዳምጠው ደስ የማይለው መካሪ እምብዛም ነው፤ ያ ጸጥታ የመጣው ባለመረዳት ቢሆን እንኳ።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። አንድ የዘርዐ ክህነት ባልንጀራችን፣ «ሐኪም ለበሽተኛው ጥርጣሬውን ሁሉ ይዘረዝርለታልን? ሁሉን ከነገርካቸው አንዱንም አይወስኑም፤ ሰው ምክር የሚፈልገው ጭንቀቱ እንዲቀልለት ነው» ብሎ ተከራክሮናል። ግማሹ እውነት ነው። የምክር ፍጻሜው ውሳኔ ነው፤ ሰውን በጥርጥር አስሮ የሚሄድ መካሪ አልመከረም። ነገር ግን በሽተኛ መድኃኒቱ ካልተስማማው ሰውነቱ ይነግረዋል። የመዝገብ ስሕተት አያም፤ ትጉህ ሰው በእጁ እያስተካከለ ለዓመታት ሊሸፍነው ይችላል። ደግሞም ጥርጣሬን ሁሉ መናገር አያስፈልግም፤ ውሳኔው የተንጠለጠለበትን መናገር ይበቃል።

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አዘጋጅቶልናል፤ እርሱም «አደራ» ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው በእጁ ቢሆንም የእርሱ አይደለም፤ ባለቤቱ ሲመጣ እንደ ነበረ ይመልሳል። ስለ ነፍሳቸው ብለው የሰጡንን አመኔታ ለሶፍትዌር ማስወሰኛ ብናውለው የሌላ ሰው አደራ ነክተናል፤ ምክሩ ትክክል ሆኖ ቢገኝ እንኳ። አመኔታውን ውሰዱ ብንላቸውም አይወስዱትም፤ ቀሚሱን ማውለቅ እንዳልረዳን አይተናል። ልንመልስላቸው የምንችለው ውሳኔውን ነው።

ስለዚህ ምክራችንን በአፍ ብቻ መስጠት ትተን፣ በአንድ ገጽ፣ በግልጽ አማርኛ እንጽፋለን፦ በእርግጥ የምናውቀውን፣ የምንገምተውን፣ እነርሱ ያለ እኛ ሊፈትኑት የሚችሉትን። ፈተናው የኮምፒዩተር ዕውቀት አይጠይቅም። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሕፃን አስገቡ፤ ጥቅምት 30 ብላችሁ ጻፉ፤ ኮምፒዩተሩን በድንገት አጥፍታችሁ አብሩና ሥራችሁን ፈልጉ፤ ፋይሉን ወደ ጎረቤት ቁምስና ወስዳችሁ ክፈቱት። ስለ መዝገቦች ደግሞ፣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲኖረው ስለሚያዝ፣ የወረቀቱን መዝገብ እንዳይተዉ እንመክራለን። ይህን ከኮምፒዩተር አማካሪ ሲሰሙ የሳቁ አሉ። የጳጉሜኑን ነገር ስንነግራቸው ግን መሳቃቸውን ተዉ።

ይህ አሠራር ሁልጊዜ እኛን ደስ አያሰኝም። አንድ ትምህርት ቤት ለኮምፒዩተር ያጠራቀመው ገንዘብ ነበር፤ የተማሪዎች ውጤት በአንድ ደብተር ብቻ ተይዞ ስላገኘነው፣ ቢያንስ አንድ ኮምፒዩተርና የመጠባበቂያ ቅጂ መያዣ እንዲገዙ መክረን ወረቀቱን ተውንላቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ርእሰ መምህሯ ጠርተውን፣ «አባ፣ የጻፉልንን ከኮሚቴው ጋር ሦስት ጊዜ አነበብነው፤ ገብቶናል። ዘንድሮ ግን አንገዛም» አሉን። ገንዘቡን ለሁለት ክፍሎች ጣሪያ አዋሉት። ክረምቱ ከባድ ነበርና ጣሪያው እንደሚያስፈልግ አይካድም፤ ደብተሩ ግን አሁንም አንድ ነው፣ እኛም አሁንም ያሰጋናል። በኅዳር ተመልሰን እንድንነጋገር ቀጠሮ ሰጥተውናል፤ ኮሚቴው የራሱን ጥያቄዎች ጽፎ እንደሚጠብቀንም ነግረውናል።