ሦስት ጣሳ ማሽላ

ይህ ምሳሌ ነው። ተሸካሚው ስም የለውም፤ ሚስቱም፣ ልጁም፣ ጎረቤቱ አሮጊትም የላቸውም። ስም ያለው ገዢው ነው። ፒየር ኑዋይሌታ ይባላል፤ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. መጨረሻ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ገዢ ሆኖ ተሾመ፣ በ1935 መባቻ ተሻረ። ስለ እሱ የምናገረው የሆነውን ነው። ስለ ተሸካሚው የምናገረው ግን መዝገብ ያልያዘውን፣ በዚያ ዘመን በብዙ የጅቡቲ ደጃፍ ሳይደርስ አልቀረም ብዬ የማምነውን ነው።

ተሸካሚው የድሬዳዋ ልጅ ነበር። ሐዲዱን ተከትሎ ቆላ ወረደ፣ ወደብ ላይ ኩሊ ሆነ፣ አገባ፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ቤቱ ዛሬ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ውኃ በሚተኛበት ዝቅ ያለ መሬት ላይ፣ በእንጨትና በቆርቆሮ የቆመች ነበረች። ገዢው የሚኖረው የባሕር ነፋስ በሚያገኘው ከፍታ ነው። ከተማዪቱ የተቆረቆረችው እንዲያ ሆና ነው፤ ፈረንሳዮቹ ከላይ፣ ኢሳው፣ አፋሩ፣ የመኑና ሐበሻው ከታች።

ጅቡቲ አታርስም። በአምቡሊ ዳር ካሉት ጥቂት የአትክልት ቦታዎች በቀር መሬቷ ድንጋይና ጨው ነው። ዛሬ በጉሊቷ የሚደረደረው ሽንኩርትና ቲማቲም ከኢትዮጵያ እንደሚወርድ ሁሉ፣ ያኔም እህሉና አትክልቱ የሚመጣው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው ሐዲድ ነበር። ከድሬዳዋ እስከ ወደቡ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተሸካሚው ከፉርጎ የሚያወርደው ጆንያ የተጫነው እናቱ በምትኖርበት ከተማ እንደሆነ ያውቃል፤ አንዳንድ ቀን ጆንያውን በትከሻው ይዞ ጥቂት ይቆምና ያሸተዋል።

በሰኔ 1932 ፈረንሳይ ለጀርመን እጇን ሰጠች። ጅቡቲ የነበረው የጦር አዛዥ ጄኔራል ለዣንቲዮም ከእንግሊዝ ጋር ሆነን እንዋጋ ብሎ ነበር፤ አልተሳካለትም፣ ድንበር ተሻግሮ ወደ እንግሊዞች ገባ። ለጀርመን ያደረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ኑዋይሌታን ላከ። ሰውየው ጠርጣራ ነበር። ለእንግሊዝ ይሰልላሉ፣ ወይም ልባቸው ጀርመንን እንዋጋ ወዳለው ወደ ጄኔራል ደጎል ሄዷል ያላቸውን የሚያጉርበት ካምፕ ኦቦክ ላይ አቆመ፤ ሌላው እንዲፈራ ሲልም ሰው አስገደለ።

በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ጣልያን ተሸንፎ ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በዚያው በሚያዝያ ወር፣ በባቡር ጅቡቲ ወርደው በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ስደት ሲሄዱ ተሸካሚው ከሕዝቡ መካከል ሆኖ አይቷቸው ነበር። አሁን መመለሳቸውን ሲሰማ ወደብ ላይ ከሐበሾቹ ጋር አለቀሰ። ዳሩ ግን ያንኑ ድል ያገዘው የእንግሊዝ ጦር በምዕራብ ሐዲዱን ይዟል፣ በደቡብ በርበራንና ዘይላን ይዟል፣ በባሕር ከኤደን የሚነሱ መርከቦቹ ወደቡን ዘግተዋል። አገሩ ነጻ የወጣችበት ዓመት ለሱ ቤት የረሃብ ዓመት ሆነ። ይህን ነገር በታሪክ መጻሕፍታችን በአንድ ገጽ ላይ አላየሁትም፤ ድሉ በአንዱ ምዕራፍ፣ ረሃቡ በሌላ አገር መጽሐፍ ነው ያለው። ለተሸካሚው ግን አንድ ክረምት ነበር።

መጀመሪያ አትክልት ጠፋ። ከዚያ ወተት። ድዱ የሚደማ፣ እግሩ የሚያብጥ፣ ሲመሽ ዓይኑ የሚጨልምበት ሰው በዛ። ከየመን ሌሊት ሌሊት በጨረቃ የሚሾልኩ ሳንቡኮች ጥቂት እህል ያራግፋሉ፤ እሱም ዋጋው አይቀመስም። ድሃው የከብት መኖ የነበረውን ማሽላ፣ ኢሳዎቹ ዓርሚ የሚሉትን፣ መፍጨት ጀመረ። ያን ዘመን እስከ ዛሬ በዚሁ በማሽላው ስም ይጠሩታል።

በሰኔ 1933 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በከተማዪቱ ላይ ወረቀት በተኑ። ለነጻዋ ፈረንሳይ፣ ለደጎል ወገን፣ እደሩ፣ የወር ቀለብ እንሰጣችኋለን፤ እምቢ ካላችሁ መዝጋታችን ይቀጥላል የሚል ነው። ገዢው በሳምንቱ ለኤደን መልስ ጻፈ። በምግብ እጦት የሚሞቱት ሕፃናት መብዛታቸውን ገለጸ። በዚያው ደብዳቤ የቀረበለትን ሐሳብ አልቀበልም አለ።

ምሳሌዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤውን እስከ ሎያዳ ድንበር የሚያደርስ ሰው ተፈለገ፤ መንገዱን የሚያውቅ፣ ፊደል የማያውቅ። ተሸካሚው ተመረጠ። ነጭ ጨርቅ በበትር አሰሩለት፣ ደብዳቤውን በቆዳ ከረጢት አድርገው አንገቱ ላይ አንጠለጠሉለት፣ ግማሽ ዳቦ ሰጡት። ዳቦውን ለልጁ አደረሰና ባዶ ሆዱን ወጣ። ልጁ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ መሄድ ከጀመረች በኋላ መሄድ ትታ ነበር።

ሎያዳ ላይ አንድ የእንግሊዝ መኮንንና አንድ አስተርጓሚ ተቀበሉት። አስተርጓሚው ድሬዳዋ ያደገ የመን ነበር፤ አማርኛ ሲሰማ ፊቱ በራ። መኮንኑ ደብዳቤውን ከፍቶ ሲያነብ ተሸካሚው በዝግታ ጠየቀ።

«ወንድሜ፣ ምን ይላል?»

«ሕፃናት በምግብ እጦት እየሞቱ ነው ይላል።»

«ገዢው ነው እንዲህ ያለው?»

«ፊርማው የሱ ነው።»

ተሸካሚው አቧራው ላይ ቁጭ አለ። በዚያ ከፍታ ላይ የሚኖረው ሰው ከታች ያለችውን ልጁን የሚያያት አይመስለውም ነበር። «የኔም ልጅ አለችበት?» አለ።

«ስም የለበትም። ብዙ ናቸው ነው የሚለው።»

«ካወቁማ ይከፍቱታል። እነዚህም ካነበቡት ይከፍቱታል።»

አስተርጓሚው የቀረውን እስኪሰማ ዝም አለ። «ከታች ደግሞ፣ ያላችሁትን አልቀበልም ይላል» አለው።

መኮንኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ለተሸካሚው ውኃ አስመጣለት፣ ብስኩትም ሰጠው። ደብዳቤውን ግን አጥፎ ወደ ኤደን በሚሄደው ፖስታ ውስጥ ከተተው። መልስ አለው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ በወረቀት የተበተነው ነው፣ ሌላ የለም አለ። ኤደንና ካይሮ ያሉት አለቆቹ ጅቡቲን በጦር ብንይዝ ከቪሺ ጋር እንቃቃራለን ብለው ፈሩ፤ ረሃቡ ሥራውን ይሥራ ብለው ተዉት።

ገዢው ሕፃናቱን አላያቸውም ብለን ብንፈርድ ይቀለን ነበር። አይቷቸዋል፤ ጽፏቸዋል። ጠላቱን ለመውቀስ ሲፈልጋቸው ቆጠራቸው፣ የገዛ በሩን ለመክፈት ግን ምክንያት አልሆኑትም። ተቀባዮቹም እንዲሁ፤ የሕፃናቱን ሞት ሲያነቡ ያነበቡት መዝጋቱ እየሠራ መሆኑን ነው። በሁለቱ እጅ አንድ ወረቀት ተላለፈ፣ ሁለቱም ተረዱት። እንደ ኦቦክ ካምፕ ያለውን ጭካኔ ማንም ያውቀዋል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው፣ ንጹሕ ጽሕፈቱ፣ የታተመ ፊርማው።

ተሸካሚው ሲመለስ ልጁ ዓይኗን አትገልጥም ነበር። ጎረቤቱ አሮጊት የኢሳ ሴት ናት፤ ዘላን ዘመዶቿ ከአሊ ሳቢህ ወገን ያመጡላት ማሽላ በአንድ ማሰሮ ነበራት። የሴት ልጇን ልጅ ታሳድጋለች። ደጃፏ ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው።»

አሮጊቷ ወደ ማሰሮው ሄደች። በጣሳ ለካች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ይህ ብድር ነው» አለችው። «ስጦታ የሚሰጥ ያለው ሰው ነው። እኔ የለኝም። ባቡሩ ሲመጣ ትመልሳለህ።»

«እመልሳለሁ እማማ።»

«ሦስት ጣሳ ነው።»

ልጁ ተረፈች። በዚያው ክረምት የአሮጊቷ የልጅ ልጅ ሞተ። ሦስቱ ጣሳ ከማሰሮው ባይወጣ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ? ተሸካሚው ይህን ጥያቄ ለማንም አልተናገረውም፤ ሚስቱም አልተናገረችውም፤ አሮጊቷም በር ላይ ስታየው እንደ ወትሮው ሰላም ትለዋለች። ልጁ እንደገና መሄድ ስትጀምር በአሮጊቷ ደጃፍ እንዳታልፍ እናትየው ትከለክላት ነበር። አንድ ቀን አሮጊቷ ራሷ ጠርታ አስገባቻት።

በጥር 1934 የወደቡ ሠራተኞች፣ በያዝነው ደመወዝ እህል መግዛት አልቻልንም፣ መርከብ አናራግፍም አሉ። ገዢው በግድ ለውትድርና መለመላቸው። ተሸካሚውም ከነሱ ጋር ተሰልፎ ቆመ፤ ሎያዳ ድረስ የላኩት ሰዎች አላወቁትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ አለቀ። የቪሺ የነበረችው ማዳጋስካር በእንግሊዝ እጅ ወደቀች። ኑዋይሌታ ተጠርቶ ሄደ፣ በቦታው ጄኔራል ዱፖን ገባ። ኮሎኔል ሬናል የጦሩን ሲሶ ያህል ይዞ ድንበር ተሻገረ። በታኅሣሥ 1935 ጅቡቲ ለነጻዋ ፈረንሳይ ገባች። በሰኔ 1933 በወረቀት የተጠየቀው ሁሉ ከዓመት ተመንፈቅ በኋላ ተፈጸመ፤ በመካከሉ የሞቱት ለምን እንደ ሞቱ የሚያስረዳ ሰው አልተገኘም።

ከጦርነቱ በኋላ ኑዋይሌታ በፈረንሳይ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ1945 ዓ.ም. ነጻ ነህ ተባለ። እዚያ የተባለው የዚያ ሸንጎ ነው። በምሳሌዬ ውስጥ ግን ሌላ ሸንጎ አለ፤ በአምቡሊ ዳር ባለ የግራር ጥላ ሥር የተቀመጡ የኢሳ ሽማግሌዎች። የነሱ ሕግ፣ ሔር የሚሉት፣ ከገዳዩ ሐሳብ ይልቅ የጠፋውን ነፍስ ይመለከታል፤ ለደም ካሳ አለው። ሁለቱን ጠሩ፤ በሩን ያልከፈተውንና እህሉን ያላሳለፈውን።

ገዢው ደብዳቤውን አወጣ። «ስለ ሕፃናቱ ጽፌያለሁ» አለ። «የዘጋሁት እኔ አይደለሁም።»

እንግሊዛዊውም ከአውሮፕላን የተበተነውን ወረቀት ያዘ። «የወር ቀለብ እሰጣለሁ ብያለሁ። እምቢ ያልሁት እኔ አይደለሁም።»

ሽማግሌዎቹ የሞተውን ልጅ አያት አስጠሩ። እሷም ለየትኛው እንደምትመሰክር ጠየቀች። ለሁለቱም አሏት። ከዚያ ደብዳቤውን ማን እንደ ተሸከመው ጠየቁ፤ ተሸካሚው ተነሣ።

«ሲከብድህ ምን አደረግህ?» አለው ትልቁ ሽማግሌ።

«አልከበደኝም፣ አባቴ። ወረቀት ነበር። ውስጡ ልጄ እንዳለች ሳላውቅ ነው የሄድሁት። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ መልስ አልነበረውም፣ ባዶ ከረጢት ይዤ ተመለስሁ።»

ሽማግሌዎቹ ሁለቱም ይክፈሉ ብለው ፈረዱ፣ ካሳውንም በግመል ቆጠሩ። ሁለቱ ሰዎች ግን አንዱ ወደ ፓሪስ፣ አንዱ ወደ ለንደን አመለከቱ፤ ግመሎቹ የሚነዱት ከዚያ ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። ፓሪስና ለንደን ጅቡቲ መቼ እንደ ተራበች ለማጣራት ተጻጻፉ።

ተሸካሚው ዕዳውን የከፈለው ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ነው። በ1935፣ ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር ማሽላ ሲያራግፍ፣ የመጀመሪያውን የሳምንት ደመወዙን በገንዘብ ሳይሆን በእህል ክፈሉኝ አላቸው። ልጁን በአንድ እጁ፣ ጆንያዋን በትከሻው ይዞ ወደ ሰፈሩ ወረደ። አሮጊቷ ደጃፏ ላይ ነበረች። ያችኑ ጣሳ አመጣች፣ እሷው ለካች። አንደኛው ሞላ፣ ሁለተኛው ሞላ። ሦስተኛው ላይ ቆም ብላ አየችው።

«ጎደለ» አለችው።

«ስንት?»

«እፍኝ።»

ልጁን እዚያው ትቶ ወደ ባቡር ጣቢያው ተመለሰ፣ ከፉርጎው ሥር የፈሰሰውን ለቃቅሞ አመጣና ጨመረላት። ጣሳው ሞላ፤ አሮጊቷም ማሰሮዋን ከፍታ ገለበጠችው፣ ልጅቱም ለምሳ ትቆያለች አለችው።