መስኮቱ የማሽኑን ስም ይናገር

ልጄ፣ ሰርቨር ማስተዳደር ልትጀምሪ ነው አሉኝ። ደስ ብሎኛል። ሌላውን ሁሉ ሥራው ራሱ ያስተምርሻል፤ እኔ የምነግርሽ ማንም የማያነሳውን፣ በተርሚናል መስኮትሽ አናት ላይ ያለችውን የርዕስ መስመር ነው። ብዙ ሰው እንዳገኛት ይተዋታል። አንቺ ግን ሥራ ስጫት።

ለምን እንደምጨነቅ ጊትላብ በተባለው ድርጅት ከደረሰው ትረጃለሽ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ምሽት አንድ የድርጅቱ መሐንዲስ፣ ተጠባባቂው የዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት፣ የዳታውን ፎልደር ሰረዘ። የነበረው ግን ዋናው ላይ ነው። ወዲያው ነቅቶ ቢያቋርጠውም ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ብቻ ሆነ። ባክአፖቹም በትክክል እየሠሩ ስላልነበር የስድስት ሰዓት ያህል ዳታ ሳይመለስ ቀረ። ድርጅቱ ነገሩን ሳይሸፍን ለሕዝብ ገለጸ፤ ከያዛቸው ማስተካከያዎች አንዱም ፕሮምፕቱ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት መስመር መነሻ፣ የትኛው ማሽን ላይ እንዳሉ በግልጽ እንዲለይ ማድረግ ነበር። እኔ ደግሞ ፕሮምፕቱ ብቻውን አይበቃም እላለሁ፤ ረጅም ውጤት ሲወርድ ወደ ላይ ሄዶ ይጠፋል። ርዕሱ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

አሠራሩ አያስፈራሽ። ተርሚናል የደረሰውን ፊደል ያሳያል፤ ኤስኬፕ የሚባለው ቁጥር 27 ምልክት ሲመጣለት ግን ቀጥሎ ያለው ለራሱ የተላከ ትእዛዝ መሆኑን ያውቃል። ኤስኬፕ፣ የሚዘጋ ካሬ ቅንፍ፣ 2፣ ሰሚኮለን፣ የፈለግሽው ጽሑፍ፣ መጨረሻ ላይ ቤል የሚባለው ቁጥር 7 ምልክት፤ በቃ። በ2 ፋንታ 0 ከሆነ የአይከኑም ስም አብሮ ይቀየራል። ይህ ኤክስተርም በሚባለው ተርሚናል የተለመደ ነው፤ ዛሬ የግኖምም የማክም ተርሚናሎች ይቀበሉታል።

ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ምልክቶቹ ከሩቅ ማሽን ጋር በሚያገናኝሽ ኤስኤስኤች ውስጥ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ያልፋሉ። ስለዚህ ርዕሱን የሚጽፈው ሩቅ ያለው ማሽን ራሱ ይሁን። ቅንብሩን በላፕቶፕሽም በእያንዳንዱ ሰርቨርም ላይ አኑሪ። ባሽ ከሆነ ፕሮምፕት ኮማንድ በሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ፣ ዚ ሼል ከሆነ ፕሪ ሲኤምዲ በሚባለው ፋንክሽን ውስጥ ይግባ፤ ሁለቱም ፕሮምፕት ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ ይሠራሉ። ከሰርቨሩ ስትወጪ ላፕቶፕሽ ርዕሱን መልሶ በራሱ ስም ይተካዋል። ይህ ካልተደረገ የለቀቅሽው ሰርቨር ስም አናቱ ላይ ይቀራል፤ ውሸታም ርዕስ ደግሞ ከባዶ ርዕስ ይብሳል።

ርዕሱን የባሽን ፕሮምፕት በሚወስነው ፒኤስ1 ውስጥ መጻፍ ከመረጥሽ፣ የማይታዩትን ምልክቶች ለዚሁ በተመደቡት ባክስላሽ ባላቸው ካሬ ቅንፎች ክበቢያቸው። አለዚያ ባሽ የመስመሩን ርዝመት ይሳሳታል፤ ረጅም ትእዛዝ ስትጽፊ ጽሑፉ በራሱ ላይ ይደራረብብሻል። ቲመክስ የምትጠቀሚ ከሆነም ሴት ታይትልስ የሚባለውን አማራጭ ራስሽ ክፈቺው፤ ሲጫን ዝግ ነው።

ምን ይጻፍበት? የማሽኑ ስም ይቅደም፤ ፎልደሩ ይከተል። ታብ ሲበዛ የርዕሱ ጭራ ይቆረጣል፤ የተጠቃሚ ስም ቀድሞ ከተጻፈ ሁሉም ታብ አንድ ይመስላል። ደንበኞች የሚገለገሉበት ሰርቨር ላይ ከስሙ በፊት «ዋና» ብለሽ በፊደላችን ጻፊ። ዩቲኤፍ 8 የሚረዳ ተርሚናል የግዕዝ ፎንት ካገኘ በደንብ ያሳየዋል፤ ከላቲን ፊደላት መሃል ደግሞ ዓይን ይይዛል።

አንድ አደጋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤች ዲ ሙር የተባለው የደኅንነት ተመራማሪ፣ ተርሚናል ርዕሱን ሲጠየቅ መልሶ የሚጽፍ ከሆነ ክፉ ሰው በፋይል ውስጥ በደበቀው ምልክት የትእዛዝ መስመርሽ ላይ ቃል ሊያስገባ እንደሚችል አሳየ። ኤክስተርም ይህን ሳያዙት አይፈቅድም፤ አንቺም አትፍቀጂ። የማታውቂውን የሎግ ፋይል ካት በሚባለው ትእዛዝ አትክፈቺ፤ በሌስ ክፈቺው፤ እሱ የተደበቁትን ምልክቶች አውጥቶ ያሳይሻል።

ርዕሱ ቢኖርም፣ የሚሰርዝ ትእዛዝ ከመስጠትሽ በፊት ሆስትኔም ብለሽ ጽፈሽ መልሱን አንብቢ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና ይህን ሁሉ ችግር በተፈጠረበት ሌሊት ሳይሆን አሁን፣ ረጋ ባልሽበት ሰዓት አዘጋጂው። ከዋናው ዳታቤዝ ጀምሪ።