የጾመኛ ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾማችንና የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ረመዳን በአንድ ሳምንት ጀመሩ። በዚያ ሰሞን አሶሳ ላይ ጉባኤው ሲያበቃ አንዲት እህት ጠጋ ብላ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር፤ መጠየቁ ራሱ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ግን ፈራሁ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተሰዷል። ከእነዚሁ አንዷ ሴት ልጇ ታሞባት የወርቅ ቀለበቷን ልትሸጥ ወደዚች እህት ሱቅ መጣች። እህታችን ቀለበቱን አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ አስፈተነችው፤ ንጹሕ ወርቅ ነው። የገበያውን ግማሽ ዋጋ ሰጠቻት፤ ስደተኛዋም ተቀብላ ሄደች።

«ያን ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜያለሁ፤ ጸሎቴንም አላስታጎልኩም። ባለቤቴ ‹ወዳ ነው የሸጠችው፣ ገበያ ነው› አለኝ። ጎረቤቴም ‹እሷ እኮ የኛ ሃይማኖት አይደለችም› አለችኝ። ልቤ ግን እሺ አላለኝም። ጾሜ ተቀባይነት አለው ወይ?»

ወገኖቼ፣ መጠየቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። በኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ያሉት ሰዎች ጾመው ምላሽ ቢያጡ ለምን ብለው ጠይቀዋል። እግዚአብሔርም መለሰላቸው። መልሱ ግን ከባድ ነበር፤ በጾማቸው ቀን ጥቅማቸውን እንደሚያሳድዱና ሠራተኛውን እንደሚያስጨንቁ ነገራቸው። የቤርያ ሰዎችም የሰሙትን ትምህርት ከመጻሕፍት ጋር እያመሳከሩ በመመርመራቸው ተመሰገኑ እንጂ አልተነቀፉም። እርግጥ ጥያቄ ሁሉ አንድ አይደለም። እባብም ሔዋንን ጠይቋታል፤ የእሱ ጥያቄ ግን ትእዛዙን ለማስጣል ነበር። የዚች እህት ጥያቄ ወደ ትእዛዙ የሚመልስ ነው።

እንግዲያው የተሰጣትን ምክር አንድ በአንድ እንመርምረው። «ወዳ ነው የሸጠችው» ተባለ። ዔሳውም ብኩርናውን በምስር ወጥ ሲለውጥ ተስማምቶ ነበር። ግን የራበው ሰው እሺ ማለቱ ፈቃድ ይባላል? ያዕቆብም ኋላ በላባ ቤት ደመወዙ ሲለዋወጥበት መታለልን ቀመሳት።

«የኛ ሃይማኖት አይደለችም» ተባለ። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ቁስለኛ ሃይማኖትህ ምንድን ነው አላለውም። ደግሞስ ከአሶሳ ሰው መካከል በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጆች ብዙ አይደላችሁም? ወላጆቻችሁ በበርታ ወገኖቻችን ምድር እንግዳ ሆነው ኖረዋል። እንግድነትን የሚያውቅ እንግዳን እንዴት ያስጨንቃል?

አያችሁ፣ እህታችን ወርቁን አስፈትናለች፤ ግዢውን ግን አልፈተነችውም። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። የምንበላው ዘይት ቅቤ እንዳይነካው እንጠነቀቃለን፤ የሰው ላብ እንዳይነካው ግን አንጠነቀቅም።

እኔም፣ «እህቴ፣ ዘኬዎስ ‹ማንንም አላስገደድኩም› ብሎ አልተከራከረም፤ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ። ሂጂና ፈልጊያት፤ ያጎደልሽውን ሙይላት። ካጣሻት ለሌላ ችግረኛ ስጪ፤ ለንስሐ አባትሽም ንገሪ» አልኳት።

በሳምንቱ መጥታ፣ «አገኘኋት መምህር። ለካ ያን ዕለት እሷም ጾመኛ ነበረች» አለችኝ። ሁለት ጾመኞች ተገናኝተው አንዷ የሌላዋን ችግር አተረፈችበት ማለት ነው።

ምእመናን፣ ዛሬ ማታ ማዕድ ከመቅረባችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። የቀን ሠራተኛውን ሒሳብ ሳልከፍል አሳድሬያለሁን? ሚዛኔ ትክክል ነው? ይህን ዋጋ ለገዛ እናቴ እጠራላት ነበር? ልባችን እሺ ካላለን ዝም አናሰኘው፤ ጾሙ ሥራውን የጀመረው በዚያ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።