የማን ገላ፣ የማን ዘፈን?

ክራሬን አስቀምጬ ከመድረክ ስወርድ አንዱ ጠጋ ብሎ «ለማን ነው የዘፈንሽው?» ማለቱ አይቀርም። ሴት ስለ ገላ ከዘፈነች ገላዋም አብሮ ለገበያ የወጣ የሚመስለው ብዙ ነው። ድሮ በዚህ እናደድ ነበር። አሁን የሚያስጨንቀኝ፣ ጥያቄውን በቅንነት ብወስደው የምመልሰው ነገር ነው።

ያደግሁት ደነባ ነው። አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። ሠርግ ቤት ስዘፍን አድሬ የመጣሁ ቀን «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ለሰይጣን አታከራዪ!» አሉኝ። ከጎናቸው የማይለየው የብራና ዳዊታቸው ግን ከመዝሙሩና ከጸሎተ ነቢያት ቀጥሎ መኃልየ መኃልይን ይዟል። ጡቱም፣ ከንፈሩም፣ ሌሊት ወዳጅን ፍለጋ መውጣቱም እዚያው አለ። ካደግሁ በኋላ «አባባ፣ ይሄስ?» ብዬ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «እሱማ ሰሙ ነው፤ ወርቁ ክርስቶስና ቤተ ክርስቲያን ናቸው» አሉኝ። ዝም አልኩ። በልቤ ግን፣ አንጥረኛው መጀመሪያ ሰሙን በደንብ ካልቀረጸ ወርቁ በምን መልክ ይፈሳል? እያልኩ ነበር።

ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ወደድኩ። ጀርባው ላይ የልጅነት ቃጠሎ ጠባሳ አለው፤ መብራት ሳይጠፋ ልብሱን አያወልቅም። እኔ ዘፈንኩት። ሰሙ የአገሬ መሬት ነበር፤ ክረምት የሚያጣብቀው፣ በጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር። ወርቁ የእሱ ጀርባ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ወርቁ የገባው ጥግ ላይ ለተቀመጠው ለእሱ ብቻ ነው። አልተቆጣም፣ አልወቀሰኝም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ግን ሸሚዙን ሳያወልቅ ይተኛ ጀመር።

የባሰውን ልናገር። እጄ ጠባሳው ላይ እያለ ቤት መምቻ ስፈልግ ራሴን ይዤዋለሁ። ታዲያ ያ ፍቅር አልነበረም? ነበረ። እኔ ዘንድ ምኞትና ዜማ ከአንድ ጓዳ ነው የሚወጡት፤ ሰው ሳልመኝ ክራሬም አይናገርም። ይሄ ግን ሌባ አለመሆኔን አያረጋግጥም።

በ2004 ዓ.ም. ያረፈችውን አስናቀች ወርቁን አስባለሁ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮፒክስን 16ኛ አልበም የሰጠው ለእሷ ክራር ነው። ሴት ተዋናይ በሚናቅበት ዘመን መድረክ ላይ ወጥታ፣ በስተርጅናም ስለ ፍቅሯ ሳታፍር ትናገር ነበር። ድፍረቷን እንደ ስንቅ ይዤ ኖሬያለሁ። ነገር ግን የራስን ገላ መግለጥ አንድ ነገር ነው፣ የሰውን መግለጥ ሌላ። እኔ ሁለቱን አደባልቄ ሁለቱንም ድፍረት ብያቸዋለሁ።

«ወንዶቹስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ አንገቷን፣ ዳሌዋን፣ ጥርሷን ሲዘረዝሩ ማን አስፈቀደ? ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙ ራሱ «አንቺ ሆዬ» ነው። የተጠራችው ሴት ምን ብላ እንደመለሰች ማንም አልጠየቀም። በዚህ ለረጅም ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ፤ ብድር እንደ መለስኩ ሁሉ። ያ ሰው ግን ምንም አልተበደረኝም።

ዘፈኑን አሁንም ይጠይቁኛል፤ እጫወተዋለሁም። እንጀራዬም ነው። ያቺ ስንኝ ጋ ስደርስ ግን አፌን ዘግቼ ክራሩን ብቻ እመታለሁ። የረሳሁ የሚመስላቸው አሉ። አብዛኛው ሰው ግን በቃሉ ይዟታል፤ እኔ ዝም ስል ቤቱ በሙሉ ይሞላልኛል።